መንገድ ላይ የተበተነ ሚስማር ተቃውሞ አይደለም

በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከቫንኩቨር በስተሰሜን፣ ፍሮም የሚባል ደን የለበሰ ተራራ አለ። የተራራ ብስክሌት የሚወዱ ሁሉ ስሙን የሚያውቁት፣ ቁልቁለቱና የዛፍ ሥሩ የነጂን ችሎታ የሚፈትን ሥፍራ ነው። እዚያ የሚመላለሱ ብስክሌተኞች በመሄጃቸው ላይ ግንድና ድንጋይ ተጋድሞ በተደጋጋሚ ያገኙ ጀመር። ቢያነሱትም ተመልሶ ይጋደማል። ነፋስ የጣለው እንዳልሆነ ሲገባቸው በጨለማ የሚቀርጽ ካሜራ ደብቀው አስቀመጡ፤ የቀረጹትንም ለፖሊስ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ተጠርጣሪ ተያዘ። የተያዙት የ64 ዓመት ሴት ነበሩ፤ በኋላም ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አምነዋል። ይህን ጉዳይ ያስቀደምኩት ስለ እንዲህ ያለ ድርጊት ሲወራ ወዲያው የሚሰጠውን መልስ ከሥሩ ስለሚነቅለው ነው። «ሥራ የፈቱ ልጆች ናቸው፣ ጨዋታ ነው» ይባላል። ግንዱን ያጋደሙት ግን ዕድሜ የጠገቡ፣ የሚሠሩትን የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

በብስክሌት መንገድ ላይ ሆን ተብሎ የሚደረግ ጥፋት መልኩ ብዙ ነው፤ በሁለት ዛፎች መካከል ሽቦ ይወጠራል፣ ሚስማር ይበተናል፣ ጠርሙስ ይከሰከሳል፣ ኩርባ ካለፈ በኋላ ድንጋይ ይደረደራል። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ። ሁሉም ወጥመድ ናቸው፤ ወጥመድ ደግሞ ማንን እንደሚይዝ አይመርጥም። ሰውን በዱላ የሚመታ ማንን እንደሚመታ ያውቃል፤ ሽቦ የወጠረው አያውቅም። አንገቱን ለሽቦው የሚሰጠው የአርባ ዓመት ጎልማሳ ይሁን ከትምህርት ቤት የምትመለስ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ወጣሪው በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቷል። እኛ ዘንድ እሾህን ከመንገድ አንስቶ ወደ ዳር መጣል በክርስቲያኑም በሙስሊሙም እንደ ጽድቅ ሥራ የሚቆጠረው፣ አንሺው ከኋላው የሚመጣውን ሰው ሳያውቀው ስለሚያስብለት ነው። ሚስማር የሚበትነው የዚህን ግልባጭ ይሠራል፤ የማያውቀውን ሰው ሳያየው ይጎዳል። ስለዚህ ድርጊቱ መመዘን ያለበት ባስከተለው ቁስል ሳይሆን ባዘጋጀው አደጋ ነው እላለሁ። ማንም ሳይጎዳ የተገኘ ሽቦ፣ ሰው ከጣለ ሽቦ የሚለየው በአላፊው ዕድል ብቻ ነው። ለወጣሪው ደግሞ የሌላ ሰው ዕድል ማቅለያ ሊሆነው አይገባም።

«ጎማ ቢበሳ ምን አለበት? ይለጠፋል» የሚል ክርክር አለ። ይህን የሚሉ ሰዎች የፍጥነትን ነገር ያሰሉት አይመስለኝም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት፣ ይህም ለጥ ባለ መንገድ ላይ ተራ ፍጥነት ነው፣ በአንድ ሰከንድ ወደ 7 ሜትር ይጓዛል። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ስለዚህ በምሽት ጭላንጭል ከአምስት ሜትር ላይ የታየ ቀጭን ሽቦ፣ ፍሬን ከመያዙ በፊት ተደርሶበታል። ሽቦው ባይኖርና ሚስማር ብቻ ቢሆንስ? ብስክሌት የቆመው በሁለት ቀጭን ጎማ ላይ ነው፤ የፊተኛው ቁልቁለት ላይ በድንገት ሲተነፍስ መሪው ከእጅ ያመልጣል፤ ነጂውን የሚሸፍነው ብረትም ሆነ የሚይዘው ቀበቶ የለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 2012 በቱር ደ ፍራንስ ውድድር፣ ወደ ፉዋ ከተማ በሚወስደው 14ኛ ቀን ጉዞ፣ ፔጌር በሚባለው ዳገት ጫፍ አካባቢ ሚስማር ተበትኖ ነበር። ወደ 30 የሚጠጉ ተወዳዳሪዎች ጎማ ተበሳ፤ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ካዴል ኢቫንስ ደጋግሞ ለመቆም ተገደደ፤ ክሮኤሺያዊው ሮበርት ኪሸርሎቭስኪ ወድቆ ከአንገቱ ሥር ያለው የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። እነዚህ የዓለም ምርጥ ነጂዎች ናቸው፤ መካኒክና ሐኪም በመኪና ይከተላቸዋል። ሌሊት ከሥራ ወደ ቤቱ ብቻውን የሚመለሰውን ሰው ማን ይከተለዋል?

በዚያ ቀን የሆነው ሌላ ነገርም አይረሳኝም። መሪነቱን የያዘው ብራድሊ ዊጊንስ ተፎካካሪው ኢቫንስ በሚስማር ምክንያት ወደ ኋላ መቅረቱን ሲያውቅ ሌሎቹን አዘግይቶ እንዲጠብቁት አደረገ። ከባላጋራው በክህደት የተገኘ ደቂቃ አልፈለገም። በፉክክር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ ምንም ፉክክር የሌለበት ሰው ለማያውቀው ነጂ ሚስማር መበተኑ ይበልጥ ያሳዝናል።

ሕጉ ነገሩን የተረዳው ይመስለኛል። የካናዳ የወንጀል ሕግ በሰው ላይ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ለማድረስ አስቦ ወጥመድ ያኖረ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ሲደነግግ፣ ተጎጂው አስቀድሞ የታወቀ ይሁን አይሁን ለውጥ እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ደግሞ፣ ያለ በቂ ምክንያት ሆን ብሎ በመንገድ ላይ ነገር የሚያኖርን ሰው እስከ 7 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል፤ መለኪያውም አደጋነቱ ለማንኛውም አስተዋይ ሰው ግልጽ መሆኑ ነው። አጥፊው «ልጎዳ አላሰብኩም» ቢል አያመልጥበትም። በጀርመን መሰናክል አኑሮ የሰውን ሕይወትና አካል አደጋ ላይ የጣለ እስከ 5 ዓመት ይቀጣል፤ አደጋ እንዲደርስ ፈልጎ ካደረገው ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። እንግዲህ የጎደለው አንቀጽ አይደለም። የጎደለው ድርጊቱ በሕጉ ስም መጠራቱ ነው። ጎማው የተበሳበት ሰው ሚስማሩን በጫማው ጠርጎ ብስክሌቱን እየገፋ ቤቱ ቢገባ፣ ጉዳዩ የትም አይመዘገብም። ቢያመለክትም የሚታየው የአንድ ጎማ ዋጋ እንጂ ሊሰበር የነበረ አንገት አይደለም። በፍሮም ተራራ ማስረጃውን የሰበሰቡት ተጎጂዎቹ ራሳቸው መሆናቸውም የሚያኮራ ብቻ ሳይሆን የሚያሳስብም ነው፤ ካሜራ መግዣና ደን ውስጥ ማደሪያ ጊዜ የሌላቸው ሰዎች የሚነዱበት መንገድ ማን ያየዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ልምጣ። ብዙውን ጊዜ ከሚስማሩ ጀርባ ቅሬታ አለ፤ ቅሬታውም ሁልጊዜ መሠረተ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 በስኮትላንድ ፐርዝሻየር በተካሄደው ኤታፕ ካሌዶኒያ የሚባል የብስክሌት ጉዞ ላይ ሚስማር ተበትኖ የብዙ መቶ ሰዎች ጎማ ተበስቷል፤ ጉዞውም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሟል። ከዚያ በፊት አንዳንድ የአካባቢው ነዋሪዎች መንገዳቸው በእሑድ ቀን ለሰዓታት መዘጋቱን ይቃወሙ ነበር። በለንደንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በብዙ ሰፈሮች መኪና እንዳያቋርጥ የአበባ ሣጥንና የብረት ምሰሶ ሲተከል፣ ሣጥኑ በሌሊት ሲገለበጥ ምሰሶውም ሲነቀል ታይቷል። ሱቁ ደንበኛ ያጣበት፣ አረጋዊት እናቱን በመኪና ሐኪም ቤት ለማድረስ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰው ቢናደድ ይገባኛል። ከሕዝብ ጋር ሳይመክር በአንድ ሳምንት መንገድ የሚዘጋ አስተዳደር ለቁጣው ድርሻ አለው። ሣጥን መገልበጥ የሕዝብ ንብረት ማበላሸት ነው፤ ያስቀጣል፤ ነገር ግን ቁጣው ያረፈው ቢያንስ በሚቃወመው ነገር ላይ ነው። ሚስማር የሚበትነው ግን ውሳኔውን ያሳለፈውን ሹም አይነካውም። ሹሙ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው በውሳኔው ያልተጠየቀ ሌላ ሰው ነው። ደግሞም ሚስማሩ ቅሬታውን ራሱን ይገድለዋል። በስብሰባ ላይ ተነስቶ «መንገዳችን አይዘጋ» ያለ ጨዋ ነዋሪ በማግስቱ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል፤ ትክክለኛ ነጥቡም ሰሚ ያጣል። ኤታፕ ካሌዶኒያ ከዚያ በኋላም ዓመት እየቆጠረ ቀጥሏል።

«ብስክሌተኞቹስ ሕግ መቼ ያከብራሉ? ቀይ መብራት ይጥሳሉ፣ እግረኛ ይገፋሉ» የሚለውም እውነትነት አለው። ቀይ መብራት የጣሰ ይቀጣ፤ እግረኛ የገጨ ይጠየቅ። ቅጣት ግን ስም አለው፣ ከሳሽና ተከሳሽ አለው፣ ይግባኝም አለው። ሽቦ ከነዚህ አንዱም የለውም። ቀይ መብራት የጣሰው ሰው ትናንት አልፎ ይሆናል፤ ሽቦው የሚጠብቀው ዛሬ ቀድሞ የሚመጣውን ነው፤ እሱም በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ምግብ ለማድረስ ሌሊቱን የሚነዳ ስደተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከውሻው ጋር የሚሮጥ እግረኛም ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌትን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ አዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር በመዘርጋት ላይ ናት። በአዲሱ መስመር ላይ መኪና ማቆም፣ ዕቃ መዘርጋት ቸልተኝነት ነው፤ በምክርና በመቀጮ ይታረማል፤ ከወጥመድ ጋር መቀላቀል የለበትም። ነገር ግን የመንገድ ሽሚያ ባለበት ቁጣ አይጠፋም፤ ሌሎች ከተሞች ዘግይተው የተማሩትን እኛ ከጅምሩ ብናስገባው ዋጋው ትንሽ ነው። ሚስማርና ሽቦ ሲገኝ ማንም ባይጎዳም ቦታውና ሰዓቱ እንደ አደጋ ይመዝገብ፤ በዛፍና በግንብ የታጠረው መስመር መብራት ይኑረው፤ ጥቆማ የሚቀበል አንድ ስልክ ቁጥር በመስመሩ ዳር በጉልህ ይጻፍ። ጥቆማው ምሽት ላይ ከደረሰም ጠራጊው ለማግስቱ የቢሮ ሰዓት ሳይቆይ በዚያው ሌሊት ይላክ፤ ምክንያቱም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት የመጀመሪያዎቹ ነጂዎች በዚያ መስመር ላይ የሚደርሱት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው።