የመስታወቱ ዓሣ ከመስታወቱ አይውጣ

ባሌ ውስጥ፣ ደሎ መና ላይ ትንንሽ ዓሦችን በአኳሪየም ማኖር ለሚፈልግ ሰው ግማሹን ሥራ አየሩ ይሠራለታል። ከአማዞን ተፋሰስ የመጣችው ኒዮን ቴትራ ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ያለው ውሃ ይስማማታል። ብርዳሞቹ ጎባና ሮቤ ላይ ግን ያለ ማሞቂያ አይሆንም፤ ሌሊት መብራት ከጠፋማ እስኪነጋ ውሃው ቀዝቅዞ ያድራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ በሪራና በሐረና ደን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ እኛ ዘንድ ሲደርስ ካፖርቱን ያወልቃል። ያ ሙቀት ለዓሣዋም ይበቃታል።

ልጆቻችን በዚህ ነገር ቢጠመዱ ደስ ይለኛል። ከስልክ ቀና ብለው የሚያዩት ሕይወት ያለው ነገር ነውና።

ኒዮን ቴትራዎች መንጋ ካልሆኑ አይመቻቸውም። አንዷን ብቻ ያስገባ ሰው የሚያገኘው ቀለሟ የገረጣ፣ ከቅጠል ሥር የማትወጣ ፈሪ ዓሣ ነው። አሥር ያህል ሆነው፣ ተክል በበዛበት ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን ደፍረው መሀል ይወጣሉ። በጎናቸው በተዘረጋው የስሜት መስመር የውሃውን ንዝረት እያዳመጡ፣ አንዷ ስትታጠፍ ሁሉም አብረው እጥፍ ይላሉ። ማለዳ መብራት ሲበራ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ጨለማው ያደበዘዘው ሰማያዊ መስመራቸው ቀስ በቀስ መልሶ ይፈካል።

ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው ችኮላ ነው። ሳጥኑ በተሞላ ማግስት ከገቡ ከኩሳቸውና ከተረፈ ምግባቸው የሚወጣው አሞኒያ ይመርዛቸዋል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። ተክሉም አሞኒያውንና ናይትሬቱን እየሳበ ያግዛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ባለቤቱ የሰለቸው ዕለት ነው። አየሩ አኳሪየሙን እንዳቀለለልን ሁሉ፣ ያዶት ወንዝ ውስጥ የተደፋውንም ዓሣ አይገድልልንም። ጎባ ላይ ብርዱ የሚጨርሰው እዚህ ተርፎ ሊራባ ይችላል። በተለይ ጋፒ የምትባለዋ ዓሣ እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ትወልዳለች፤ ያረገዘች አንዲት ብቻ ወንዝ ብትገባ ዘር ልትተክል ትችላለች።

እምቦጭን እናስታውስ። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው አበባው ስላማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የጣና ዳር ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። እኛም ጋ ቢሆን ትራውት የተባለው ዓሣ ለባሌ ባዕድ ነው፤ ከኬንያ መጥቶ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። አጥማጆች ይወዱታል፣ እሱ ግን ትንንሽ ዓሦችን የሚበላ አዳኝ ነው፤ አሁን ማንም ለቅሞ አያወጣውም።

የአገራችን ወንዞች የራሳቸው ትንንሽ ዓሦች አሏቸው። ጋራ የምትባለዋ ከአገጯ ሥር ባለው ክብ መጣበቂያ ድንጋይ ይዛ፣ ጎርፍ በሚመስል ውሃ ውስጥ አረንጓዴውን አልጌ ትግጣለች። ኒዮኗን የሚወድ ልጅ እሷንም ወንዙ ዳር ሄዶ ቢያውቃት እወዳለሁ።

ስለዚህ ዓሣ የሚሸጥም ሆነ የሚያረባ ሰው ከወዲሁ ይስማማ። የሰለቸው መንጋውን ለሌላ አርቢ ይስጥ። የተከረከመው ተክል ፀሐይ ላይ ደርቆ ይቃጠል። የተቀየረው ውሃ ናይትሬት አለውና ለቡና ችግኝ ይፍሰስ፤ ወደ ያዶት በሚወርድ ቦይ ግን አይደፋ።