ሞተር ያዘለች ፔጆ ጊዮርጊስ ላይ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ጊዮርጊስ በኩል ያለፋችሁ ካላችሁ፣ አንዲት ነጭ አሮጌ ፔጆ 404 ፒክአፕ ቀይ ቦክሰር ሞተር ሳይክል አዝላ ቆማ አይታችሁ ይሆናል። ከጎኗ ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲያጠብቅ የነበረው ሰው እኔ ነበርኩ። ሞተሩ አልተበላሸም። ተጠግኖ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ በአንድ ምት የሚነሣ ሞተር ነው። የተጫነው በገዛ ጎማው ከከተማ መውጣት ስለማይችል ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው።

ባለቤቱ የአክስቴ ልጅ ነው። ሱሉልታ ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት ከየገበሬው ደጅ ወተት እየሰበሰበ ለተረካቢ ያደርሳል። ከሱሉልታና ከጫንጮ የሚመጣ ወተት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወተት ደግሞ አይጠብቅም፤ ካረፈደ ይበላሻል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ቢዶን አንጠልጥሎ፣ መኪና በማይገባበት መንገድ የሚሮጥበት ሞተር ለእሱ እጅና እግሩ ነው። ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ሲጀምር እዚያ ያለው ባለሙያ ፒስተኑ ካልተቀየረ አይሆንም አለው። ዕቃውም እጁም አዲስ አበባ ይገኛል ተባለና በሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ያለ መካኒክ በሦስት ቀን ጨርሶ አስረከበው። ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣው፦ እንዴት ይመለስ?

ነገሩን ታስታውሱታላችሁ። በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ጊዜ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ታገደ። ምክንያቱ ወንጀል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ፣ ማኅበር፣ ጂፒኤስ የሚባሉ ነገሮች መጡና ዛሬ ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞችን በየመንገዱ እናያለን። ይህ በከተማዋ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ሞተሩን አስጠግኖ ወይም ገዝቶ በቀጥታ ለሚወጣ ሰውስ? መካኒኩንም፣ መለዋወጫ ሻጩንም፣ ሞተር የሚነዱ ወዳጆቼንም ጠየቅኩ። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጫኑት።»

እገዳውን በጭፍን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ከእገዳው በፊት በነበሩት ወራት ፒያሳ ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን የያዘው ሞተረኛ ጎትቶ አስፋልት ላይ ሲጥላት በዓይኔ አይቻለሁ። ጉልበቷ ተልጦ፣ ጫማዋ አንድ ወገን ጠፍቶ፣ ቁጭ ብላ ስታለቅስ የከበብናት ሰዎች የሞተሩን ሰሌዳ እንኳ አላነበብንም። እገዳው ሲታወጅ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። ያኔ ያላሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ቦርሳ ነጣቂው የሚጠላው ሰሌዳውን ነው፤ እገዳው ግን ሰሌዳ ያለውንም የሌለውንም እኩል ከመንገድ አወጣ። ሂሳቡ ለማን እንደሚደርስ ያወቅኩት ጊዮርጊስ ላይ ገመድ ስጎትት ነው።

ፔጆ 404ን የማታውቁ ወጣቶች ካላችሁ፣ ፊቷ የቤት መኪና ነው፤ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ግን ክፍት የጭነት ሳጥን ነው። የቤት መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ የዋለች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ያወጣላት ናት። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፒክአፖች ሸራ ለብሰው፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርጎላቸው፣ «ውይይት» ተብለው ሰው ያመላለሱበት ዘመን ነበር። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥ ሳይነጋገር አይወርድም፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ፍሪጅ፣ አልጋና ሶፋ ይጭናሉ። ትልልቆቹ መኪኖች ቀን ቀን ወደ ከተማ እንዳይገቡ ገደብ ስላለባቸው የቀኑ ሥራ የትንንሾቹ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ብታረጅም የምትሠራ ፒክአፕ ያለው ሰው ደንበኛ አይለምንም። የእኛ ሾፌር ከስድሳ ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አባት ናቸው። 2,500 ብር አሉ። ተለመኑ፣ አልቀነሱም። ሱሉልታ ከዚያ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ናት፤ ቦክሰሩ ራሱ ቢሄድ አንድ ሊትር ቤንዚን አይጨርስም።

ገና ስፖንዳው ሳይወርድ አራት ልጆች ከየት መጡ ሳይባል ከበቡን።

«አለቃ፣ መጫን የእኛ ነው።»

ስንት? 800 ብር። እኛው እንጭነዋለን አልን።

«ብትጭኑትም ያው ነው» አለ አንደኛው።

ይህን አነጋገር አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የቀየረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተጨቃጭቀን በ500 ተስማማን። በዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው አልገባበትም።

እውነቱን ለመናገር ልጆቹ ማንሣቱን ያውቁበታል። ፔጆዋን ጀርባዋን ወደ እግረኛው መንገድ ጠርዝ እንዲያዞሯት አደረጉ፤ ሳንቃው ከጠርዙ ላይ ሲነሣ ዳገቱ ይቀንሳል። አንዱ መሪውን ይዞ፣ ሁለቱ ከኋላ ገፍተው፣ አንዱ ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የፔጆዋ ሳጥንም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። የፊት ጎማውን ወደ ግራ ማዕዘን ከትተን ሰያፍ ብናቆመውም ስፖንዳው አልዘጋ አለ። ልጆቹ በጎን መቆሚያው ላይ አቁመው መሪውን በሲባጎ ጠፍረው «ጨርሰናል» አሉ። መኪናው አንድ ጉድጓድ ሲገባ መቆሚያው ይታጠፋል፣ ሲባጎውም ይላላል። ትንሽ መኪና ላይ ሞተር የሚታሰረው ከፊት ሹካው ግራና ቀኝ ወደ ሳጥኑ ሁለት የፊት ማዕዘኖች ነው፤ ገመዱ ሲጠብቅ የፊቱ ሞላ በከፊል ወርዶ ራሱ ገመዱን ወጥሮ ይይዛል። ማርሽ ውስጥ ይገባል፣ ቤንዚኑ ይዘጋል፣ መቆሚያው ይታጠፋል። ጎማው ሥር ደግሞ ድንጋይ ይጋደማል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ጊዜና ቦታ ያስፈልጋል። ኮሪደር ልማቱ ጊዮርጊስን አሳምሯታል፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ መብራት አለ። ፍሪጅ ወይም ሞተር አሥር ደቂቃ ቆሞ የሚጫንበት ጥግ ግን እኔ አላገኘሁም። ሾፌሩ ቅጣት ፈርተው «ቶሎ! ቶሎ!» ይሉናል። ምኒልክ ከፈረሳቸው ላይ ሆነው ያዩናል።

መንገዱ ደግሞ ዳገት ነው። ሰሜን ማዘጋጃን ይዞ በአዲሱ ገበያ ሽቅብ ነው ወደ ሱሉልታ የሚወጣው። ጭነቱ በሙሉ ከኋላ ጎማ በላይ ስለሆነ የፔጆዋ አፍንጫ ቀና ይላል፣ መሪዋም ይቀላል። የአክስቴ ልጅ ጋቢና ቦታ እያለለት ከኋላ ወጥቶ ሞተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀመጠ። ውረድ ብለው «ጋሼ፣ እሱ ከወደቀ እኔ ምን ልሁን?» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ገመዱ ቢበጠስ ኖሮ መቶ ኪሎ ብረት ከደረቱ ጋር ይዞት ነበር የሚወርደው።

አዲሱ ገበያን እንዳለፍን አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። የሞተሩን ሊብሬ አየ፣ መንጃ ፈቃድ አየ። ከዚያ ገመዱን በጣቱ ነካ አድርጎ ሳቀ። ልጁን አስወረደውና ራሱ ሾፌሩን እያገዘ፣ ከፔጆዋ ወንበር ሥር በወጣ የካላማዳሪያ ቁራጭ እንደገና አሰረው። ሲጨርስ እጁን እያራገፈ እንዲህ አለ፦ «ይሄ ልጅ ቢነዳው ኖሮ ለእሱም ለእኛም ይሻል ነበር። ግን ቢነዳው ኖሮ ይዤው ነበር።»

በነገሩ ላይ ከዚህ የተሻለ አስተያየት ከማንም አልሰማሁም። መንጃ ፈቃድ፣ ሰሌዳና ሄልሜት ያለው ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከከተማ ቢወጣ አደጋው ትንሽ ነው። ያው ሰው በክፍት ሳጥን ውስጥ ካልታሰረ ብረት ጋር ተቃቅፎ ሲሄድ አደጋው ትልቅ ነው። የፈቀድነው ሁለተኛውን ነው። ወጪውም አለ፦ ለፔጆዋና ለጫኞቹ 3,000 ብር ወጣ፤ መካኒኩ ከተቀበለው የእጅ ዋጋ ይበልጣል። ወደ ከተማ ሲመጣ ለአይሱዙ የከፈለው ሳይቆጠር ማለት ነው።

እኔ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ መንገድ የሚያገለግል የማለፊያ ወረቀት ይኑር። የሰሌዳ ቁጥር፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ መነሻ፣ መውጫ በር፣ የሚፈቀድበት ሰዓት። በስልክ የሚሞላ ቢሆን ይመረጣል። ከተጻፈው መንገድ ወጥቶ የተገኘ ይወረስበት፤ አልቃወምም። ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ቢያንስ ጊዮርጊስን በመሰሉ ቦታዎች ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሕጋዊ መጫኛ ጥግ ይሰመርልን።

ሌባው ያንኑ ወረቀት አውጥቶ ይሰርቅበታል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እስቲ አስቡት፦ ስሙን፣ ሰሌዳውን፣ መንገዱንና ሰዓቱን አስመዝግቦ ቦርሳ የሚነጥቅ ሌባ! ሌጎስ እ.ኤ.አ. በ2020 «ኦካዳ» የሚሏቸውን የሞተር ታክሲዎች ከዋና ዋና አካባቢዎቿ አገደች፤ በ2022 እንደገና ማገድ አስፈለጋት። የመጀመሪያው ቢሠራ ኖሮ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? ኪጋሊ ሌላ መንገድ ነው የያዘችው፤ ሞተረኛው ፈቃድና መለያ ልብስ አለው፣ ተሳፋሪውም ሄልሜት ያደርጋል። ኪጋሊ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከእኛ ጋር አትወዳደርም ትሉኝ ይሆናል፤ ትክክል ነው። ግን እኛም ቢሆን ዕቃ አድራሾቹን መዝግበን አስገብተናል። መመዝገብ ይቻላል ማለት ነው። የቀረው ለሚያልፈው ሰው ማሰብ ነው።

ሱሉልታ ስንደርስ ማውረዱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሾፌሩ ፔጆዋን ከአንድ ጉብታ ጋር አስጠጓት፣ ሞተሩ ያለ ሳንቃ ወረደ፤ ገንዘብ የጠየቀን ሰው አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ቤንዚኑን ከፍቶ አንዴ ረገጠው፣ ተነሣ። ጭሱ ጠፍቷል። የማታው ወተት ሊያመልጠው ስለሆነ ቡና እንኳ አላፈላልንም። ሄልሜቱን እያጠለቀ እንዲህ አለኝ፦

«በሚቀጥለው ጊዜ ግን ጋሼ፣ ሌሊት ነድቼው ነው የምወጣው።»

ተው አላልኩትም።