የአውሮፕላን ሆድና የሰው ደጅ

ደባርቅ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ሬዲዮው በጅቡቲ ስላሉት የውጭ የጦር ሰፈሮች ያወራል። ከበየዳ በግ ሊሸጡ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን ሰጥተው ሲያዳምጡ ቆዩና «በሰማይ የሚሄድ የሰው ደጅ ምን ያስጠናዋል?» አሉ። ከጎናቸው የነበረ ወጣት «አባባ፣ የአገር አቀማመጥ እኮ ሀብት ነው፤ ታላላቆቹ ስለሚወዱን ነው የሚመጡት» ሲል አስረዳቸው። እኔ ከወጣቱ መልስ የሽማግሌው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ትክክለኛው መልስ ያለው አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ነው። ተዋጊ ጄት ፈጣን ነው እንጂ ሩቅ ተጓዥ አይደለም። ነዳጁ ለመሄጃ፣ ለውጊያና ለመመለሻ ይከፋፈላል። አዲሱ የአሜሪካ ኤፍ-35 እንኳ አየር ላይ ካልተቀዳለት ከመነሻው ከ1,100 ኪሎ ሜትር ብዙም ርቆ ተዋግቶ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1986 ከእንግሊዝ ተነሥተው ሊቢያን የደበደቡት ኤፍ-111 አውሮፕላኖች፣ ፈረንሳይና ስፔን ሰማያቸውን ስለከለከሏቸው በባሕር ዞረው፣ በየመንገዱ አየር ላይ ነዳጅ እየተቀዳላቸው ነው የደረሱት። ይህ ለባለጸጋም ከባድ ወጪ ነው። ከጠላት አጠገብ የሰው ግቢ መከራየት ይቀላል። እንግዲህ የጦር ሰፈር ከሁሉ በፊት ማደያ ነው።

ይህን ከእኛ የበለጠ ማን ሊያውቀው ይገባ ነበር? የጣሊያኑ ኩባንያ ሩባቲኖ እ.ኤ.አ. በ1869 አሰብ ላይ መሬት የገዛው ለመርከብ የድንጋይ ከሰል ማደያ ብሎ ነው። 66 ዓመት ቆይቶ ኤርትራ የቦምብ ጣዮች መነሻ ሆነች። ከሮም እስከ ተከዜ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአሥመራ ግን 200 ያህል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር የወረደው የመርዝ ጋዝ በዚያ አጭር መንገድ የመጣ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው የበየዳው ራስ ዳሸን እግረኛን ያቆም ይሆናል፤ አውሮፕላንን የሚያቆመው የነዳጅ ማለቅ ብቻ ነው።

«ያ ወረራ ነው፤ የዛሬው በውል ነው» የሚል አይጠፋም። ውልንም አይተናል። በ1945 ዓ.ም. አሜሪካ የአሥመራውን ቃኘው ጣቢያ ለ25 ዓመት ተዋውላ ስትይዝ፣ እኛ በለውጡ የጦር ዕርዳታ አገኘን። ቃኘው የአውሮፕላን ሳይሆን የጆሮ ሰፈር ነበር፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ሳተላይት መጣና ጆሮው ከሌላ ቦታ መስማት ቻለ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋው፣ ያባረረው ጓዙን ሸክፎ ሊሄድ የተነሣ እንግዳን ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ያኔ ወዳጅነቱ የት ነበር?

ከዚያ ወዲህም ያው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሶማሊያን ለመቃኘት ከአርባ ምንጭ ሰው አልባ አውሮፕላን ሲያስነሡ ቆይተው በ2015 ነቅለው ሄዱ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የመን ለመድረስ እ.ኤ.አ. በ2015 አሰብ ላይ ሰፈሩ፤ ጄቶቻቸውንም አመጡ። ጉዳያቸው ሲያበቃ በ2021 የሠሩትን አፍርሰው ጫኑ።

ማከራየት ነውር ነው አልልም፤ ጅቡቲ እየተከራየች ትኖራለች። ነውሩ ኪራይን ፍቅር ብሎ መጥራት ነው። «ስትራቴጂካዊ አቀማመጣችን» እያሉ የሚፎክሩ ባለሥልጣኖችና ጋዜጠኞች ሦስት ነገር ይመልሱልን፦ ውሉን ሕዝብ አይቶታል? የእንግዳው አውሮፕላን ሲመታ፣ አጸፋው የሚወድቀው በማን ጣሪያ ላይ ነው? ነገ የነዳጅ ታንኩ ሲሰፋ ምን ይቀርልናል?

ሽማግሌው የወጣቱን መልስ ሰምተው ዝም አሉ፤ ቆይተው የሻያቸውን ከፍለው ወጡ። በግ ሲሸጡ የኖሩ ናቸውና፣ ገዢ የሚያሞግሰው በጉን እንጂ ባለቤቱን እንዳልሆነ ያውቃሉ።