ኮሚቴው ውስጥ ግቡ፤ ቃለ ጉባኤውን ሳታዩ ግን አትፈርሙ

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ መልእክት ደረሰኝ። «የተፋሰስ አማካሪ ኮሚቴው እንደ አዲስ ስለሚዋቀር የወጣቶች ተወካይ ሆነሽ ተመርጠሻል። ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 አዳራሽ እንድትገኚ» ይላል። ማን እንደመረጠኝ አይልም። አጀንዳም የለውም። ስክሪንሾት አንስቼ ለጓደኛዬ ብልክላት «እንዴ፣ ያለፈው አልበቃሽም?» አለችኝ፤ ከሳቅ ኢሞጂ ጋር።

እውነቷን ነው፣ በቅቶኝ ነበር። ለምን እንደበቃኝ ልንገራችሁና ከዚያ ለምን ለመመለስ እንዳሰብኩ እናውራ። ምክንያቱም ጫካ፣ ምንጭ፣ ሐይቅ ወይም የወል ግጦሽ ያለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ይሄ መልእክት ነገ እናንተም ጋ ሊመጣ ይችላል።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከተማችን ትንሽ ናት። ከበላይዋ ተራራ አለ፣ ከተራራው ሥር ምንጭ አለ። የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ (ይጠፋል) ግማሹ ሰው ጀሪካን ይዞ የሚሄደው እዚያ ነው። በተራራው በሌላኛው ጎን ደግሞ የድንጋይ ካባ አለ። ኮሚቴው የተቋቋመው ስለ ተራራውና ስለ ምንጩ ለሚወስኑት ሰዎች ምክር እንዲሰጥ ነው። አሥራ አንድ ነበርን። እኔ እንዴት እንደተመረጥኩ ስጠይቅ የጠራኝ ሰውዬ ሳያፍር ነገረኝ፦ «ሴት ነሽ፣ ወጣት ነሽ፣ የተማርሽ ነሽ።» ሦስት ኮታ በአንድ ወንበር።

ሳልዋሽ ልናገርና መጀመሪያ ወድጄው ነበር። ሥራ ለሌለው ሰው ስብሰባ መጠራት እንኳ ክብር አለው። ደግሞም ተማርኩበት። ከተራራው ሥር የሚያርሱ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ በየወሩ ምንጩ ላይ የ20 ሊትር ጀሪካን ይደቅኑና እስኪሞላ ድረስ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደግማሉ። ሰዓታቸው እሱ ነው። በጥር ሁለቴ ሲደግሙ የሚሞላው ጀሪካን በሚያዝያ ስድስቴ ያስደግማቸዋል። እንዲህ ሲለኩ ዓመታት ሆኗቸዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስለ ዳታ ስማር ኖሬ እንደዚህ ያለ ዳታ በእጄ ሰብስቤ አላውቅም። ለኮሚቴውም ነገሩን ያስረዱን እሳቸው ናቸው፦ በበጋ የምንቀዳው ውኃ በክረምት ወደ መሬቱ የሰረገው ነው፤ ካባው ወደ ምንጩ በኩል ዞሮ ሣሩና አፈሩ ከተገፈፈ ዝናቡ በላይ በላዩ ይሄዳል እንጂ አይሰርግም።

ጉዳዩ ግን ቀላል አልነበረም። ካባው ላይ የሚሠሩት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱ አብረውኝ የተማሩ። «ውኃ ውኃ ትያለሽ፣ እኛስ ምን እንብላ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው ካባው በታችኛው ጎን እንዲቀጥል፣ የምንጩ ጎን ግን ባለሙያ መጥቶ አይቶ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ እንዳይነካ ነበር። የካባዎቹም ልጆች እሺ አሉ። በሕይወቴ ከተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ያኛውን የመሰለ አላየሁም።

ከዚያ አቴንዳንስ ዞረ። ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከላይ የርዕሱ ቦታ ባዶ ነበር። ለሻይ ተብላ የምትሰጥ ትንሽ ብርም ነበረችና ሁላችንም ፈረምን፤ ብራችንን ተቀብለን ወጣን።

ከሦስት ወር በኋላ ካባው ወደ ምንጩ ዞረ። ሄደን ስንጠይቅ ደብዳቤ አሳዩን። «የአካባቢው ማኅበረሰብ ተወካዮች ተወያይተው ተስማምተዋል» ይላል። ከኋላው የተያያዘው ያ አቴንዳንስ ነው። ስሜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። ጋሼ አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንቺ ስትፈርሚ አይቼ እኮ ነው የፈረምኩት፤ ታነቢያለሽ ብዬ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አልሄድኩም።

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን «ቲያትር ነው» ብለን የምንወጣው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የወጣሁት። ቆይቼ ሳስበው ግን የኔ መውጣት የጠቀመው ያንን ደብዳቤ የጻፈውን ሰው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የሚያነብ ሰው አንድ ቀነሰለት።

አገራችን ለተፈጥሮ ሀብት በጎ ፈቃደኛ አጥታ አታውቅም። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት አርሶ አደሩ እርከን ሊሠራ በነፃ ይወጣል። ጣናን እምቦጭ ሲወርረው ከየከተማው ወጣት እየተጫነ ሄዶ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ሲያስታውቅ ከውስጡ አራቱ የኔ ነበሩ (ፎቶው አለኝ፤ ችግኞቹ ይኑሩ አይኑሩ ሄጄ አላየሁም)። ጉልበታችንን ስንጠየቅ እንሰጣለን። አስተያየታችንን የሚጠይቀን ግን ጥቂት ነው። ምን ይተከል፣ የቱ ተራራ ለካባ ይሰጥ፣ ወደ ሐይቁ ምን ይግባ የሚለው ካለቀ በኋላ ነው አካፋው የሚታደለን።

ሕጉ እንደዚያ አይልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ ሕዝብ በቀጥታ የሚነኩትን የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች በተመለከተ፣ ሲታቀዱም ሲፈጸሙም ሐሳቡን በሙሉ የመግለጽ መብት እንዳለው ተጽፏል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ስልካችሁ ላይ ሁለቱንም አውርዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እኔ ያነበብኳቸው ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ስለ ወል ሀብት ክላስ ውስጥ መጀመሪያ የምንማረው ጋሬት ሃርዲን በ1968 (በፈረንጆቹ) የጻፈውን ነው። የጋራ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ላም፣ ደግሞ አንድ ላም ሲጨምር ሣሩ አልቆ ሁሉም ይከስራል፤ ስለዚህ ወይ ለግለሰብ ይከፈል ወይ መንግሥት ይቆጣጠረው። ፈተና ላይ ይሄንን ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችውና በኢኮኖሚክስ ዘርፍ ለዚያ የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሌላ መንገድ ሄደች። የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደን፣ የስፔንን የመስኖ ቦይ የሚጠቀሙ ሰዎች ለዘመናት ሀብታቸውን ሳያጠፉ እንዴት እንደኖሩ አጠናች። ካገኘቻቸው ነገሮች መካከል ሁለቱ ለኔ ኮሚቴ የተጻፉ ይመስሉኛል። አንደኛው፣ ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች ደንቡ ሲለወጥ ድምፅ አላቸው። ሁለተኛው፣ መንግሥት ያንን ድምፃቸውን ያውቅላቸዋል፣ ከላይ መጥቶ አይሽርባቸውም።

ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት የሚሆን ደጋ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው አለቆች ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። ሣሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ መድረሱ ሲታይ ተነጋግረው ይከፍቱታል። ያ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች የሚወከሉበት አዲስ አደረጃጀት መጥቶ፣ ቦታው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በሕግ ታውቋል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም አሁንም እዚያ አሉ። የድሮውን ግን አላሞካሽም፤ ከመጀመሪያዎቹ ባለርስቶች ዘር ያልሆነ ሰው በጓሳው ላይ መብት አልነበረውም። እንደኔ ዓይነቷ ሴት ወጣት ወንበር ታገኝ ነበር ብዬ አላስብም። የምወደው አንድ ነገሩን ነው፦ ሽማግሌዎቹ «ተዘግቷል» ሲሉ ይዘጋ ነበር።

የኛ ኮሚቴ ግን አማካሪ ነው፤ መዝጋትም መክፈትም አይችልም። ይሄን እቀበላለሁ። የሚወስነው አካል ምክራችንን ሰምቶ ሌላ ሊወስን ይችላል፣ ካባው ለልጆቹ እንጀራ ነው ብሎም ሊከራከረን ይችላል። የማልቀበለው ያላልነውን እንዳልን አድርጎ መጻፉን ነው። አሜሪካኖች የፌዴራል አማካሪ ኮሚቴዎቻቸውን በተመለከተ በ1972 ሕግ አውጥተዋል፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ዝርዝር ቃለ ጉባኤ እንዲያዝና ሕዝብ እንዲያየው ያዛል። እዚያም ቢሆን ምክሩን መቀበል ግዴታ አይደለም። ግን ምን እንደተመከረ ይታወቃል፤ ያልተቀበለውም ሰው ያልተቀበለው ምን እንደሆነ ይታያል።

እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም፣ ስልክ አለን። ውሳኔው ከመበተናችን በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ፎቶ አንስተን ግሩፓችን ላይ እንለጥፈው። አቴንዳንስ ሲዞር ርዕሱ ባዶ ከሆነ ራሳችን እንሙላው። እኔ ካሁን በኋላ ፊርማዬ አጠገብ «ለመገኘቴ ብቻ» ብዬ እጽፋለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ያን ጊዜ ጽፌያት ቢሆን ኖሮ ያ ደብዳቤ አቴንዳንሳችንን ከኋላው ማያያዝ ይከብደው ነበር።

ሌላው ቀኑ ነው። ቅዳሜ በኛ ከተማ የገበያ ቀን ነው። በኮሚቴው ከነበርነው ሦስት ሴቶች ሁለቱ ገበያ ላይ ቅመምና ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶች ነበሩ፤ አንድ ስብሰባ ማለት ለነሱ የሳምንት ገቢ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ሁለቱም ቀሩ። «ሴቶች አይሳተፉም» ተብሎ ሪፖርት ተጻፈ መሰለኝ። በጎ ፈቃድ ነፃ ነው የምንለው ሂሳቡን ሌላ ሰው ሲከፍልልን ነው። ቀኑን ወደ ማክሰኞ ማዞር ደግሞ በጀት አይጠይቅም። ካልሆነ ኮሚቴው ውስጥ የሚቀረው ጡረታ የወጣ፣ ሥራ የሌለውና ለቢሮው ቅርብ የሆነ ሰው ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ ሁለተኛው ነበርኩ፤ አሁን ፍሪላንስ ስለምሠራ ቀኔን እንደፈለግኩ ማዟዟር እችላለሁ። ለዚህም ነው እምቢ ለማለት ሰበብ ያጣሁት።

ምንጩ አሁንም ይፈሳል። ባለፈው ሚያዝያ ጋሼን መንገድ ላይ አግኝቻቸው ጀሪካኑን ጠየቅኋቸው። ዘጠኝ ጊዜ ደገምኩ አሉኝ። ካባው ይሁን፣ የዝናቡ ማነስ ይሁን፣ ሁለቱም ይሁኑ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ ይመጣል የተባለው ባለሙያ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ትናንት ማታ ለቴሌግራሙ መልስ ጻፍኩ። «እመጣለሁ። ያለፈው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤና የቅዳሜው አጀንዳ አስቀድሞ ይላክልኝ። ቀኑ ማክሰኞ እንዲሆንም እጠይቃለሁ።» ሁለቱ ምልክት ታይቷል፣ አንብበውታል። እስካሁን አልመለሱልኝም።