የምራቅና የደም ኢንዛይም ምርመራ ስለ አፍ ካንሰር ምን ሊነግርዎ ይችላል?

ምላስዎ ላይ ካለው ቁስል ለባዮፕሲ ትንሽ ሥጋ ይቆረጣል ሲባሉ «በምራቅ ወይም በደም ብቻ ማወቅ አይቻልም?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ተመራማሪዎችም ለዓመታት የደከሙበት ጉዳይ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረው ዜና ግን ጥናቱ ከደረሰበት ቀድሞ ሄዷል።

በስፋት ከተጠኑት ኢንዛይሞች አንዱ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ በአጭሩ ኤልዲኤች ነው። የካንሰር ሕዋሳት በቂ ኦክስጅን እያለም ስኳርን ወደ ላክቴት እየለወጡ ኃይል ያገኛሉ፤ ለዚህ ኤልዲኤች ያስፈልጋቸዋል። ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ኢንዛይሙ ወደ ደምና ወደ ምራቅ ይፈስሳል። ሌላው ኤምኤምፒ-9 የሚባለው ሲሆን፣ በሕዋሳት ዙሪያ ያለውን የኮላጅን መረብ ስለሚቆራርጥ ለዕጢው መስፋፊያ መንገድ ይከፍትለታል። በመሆኑም የአፍ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ከጤነኞች በአማካይ ከፍ ያለ መጠን ይታይባቸዋል።

ችግሩ ያለው «በአማካይ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የድድ ሕመም ብቻውን ሁለቱንም በምራቅ ውስጥ ከፍ ያደርጋል። በደም ውስጥ ያለው ኤልዲኤች ደግሞ በጉበት ሕመም፣ በጡንቻ ጉዳት፣ ሌላው ቀርቶ የተቀዳው ደም ቱቦው ውስጥ ሲፈርስ ጭምር ይጨምራል። በተቃራኒው ትንሽ ዕጢ ያለበት ሰው ውጤቱ ጤናማ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሰጋኝ ይኼኛው ነው፤ ውጤቱን አይቶ ተረጋግቶ ወራት የሚያሳልፍ ሰው።

ኤልዲኤች ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በተሰራጨ ሜላኖማና በወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር የሕመሙን ደረጃ ለመወሰን በይፋ ያገለግላል። በአፍ ካንሰር ግን እዚያ ደረጃ አልደረሰም። አሜሪካ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደረጃ አወሳሰን የተጨመሩት ዕጢው ወደ ውስጥ የዘለቀበት ጥልቀትና ካንሰሩ ከአንገት ንፍፊት ሽፋን አልፎ መውጣቱ ናቸው። ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ዕጢ እንኳ ጥልቀቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ከመጀመሪያው ምድብ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። ይህን በትክክል የሚለካው ሥጋው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንጂ በምራቅ አይደለም።

«ካንሰር ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚለውን ሰምተው ይሆናል። በዚህ ፍርሃት ባዮፕሲውን አይተዉት። በማደንዘዣ መርፌ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ጉዳቱ መዘግየቱ ላይ ነው።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም የአንገት እብጠት ካለብዎ የምራቅዎ ውጤት ምንም ይሁን ምን ለሐኪም ወይም ለጥርስ ሐኪም ያሳዩ። ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ሐኪምዎን ስለ ኢንዛይም ቁጥር ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ጥልቀቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? አንገቴ ውስጥ ገብቷል?