ደርሶ መልስ

በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር አለች። በውስጧ የሰፈረው ግጥም አይደለም፤ ወግም አይደለም። የጉዞ ዕቅድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት፣ ሦስት ጓደኛሞች ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ አንድ ቡና ቤት እየተቀመጥን የጻፍነው ነው። በመኪና ከጎንደር ተነሥተን፣ በመተማ ድንበሩን ተሻግረን፣ ገዳሪፍን፣ ወድ መደኒንና ስናርን ጎብኝተን፣ ካርቱም ላይ ጥቁርና ነጭ ዓባይ ሲገናኙ አይተን ልንመለስ ነበር። ጉዞው አልተደረገም። ዕቅዱን ግን እስከ ዛሬ አልቀደድኩትም። ለምን እንዳልቀደድኩት፣ አንባቢም እንዲህ ያለ ዕቅድ በደብተሩ ቢያኖር ለምን እንደምወድ ለማስረዳት ይህን እጽፋለሁ።

የደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ደረቅ ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የመኪናው የመውጫ ፈቃድ። ቀጥሎ ሁለት ቢጫ ካርዶች፦ አንደኛው ለሰው፣ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፤ ሁለተኛው ለመኪና፣ በኮሜሳ አባል አገሮች የሚሠራው የሦስተኛ ወገን መድን። ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ። ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። «ሁለቱም አገሮች በቀኝ ነው የሚነዱት» የሚል ማስታወሻ በጓደኛዬ እጅ ጽሑፍ ከዳር ሰፍሯል።

ሁለተኛው ገጽ መንገዱ ነው። ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱ ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ጭልጋ አይከል ድረስ ደጋውን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አገሩ ቁልቁል ይወርዳል። ነጋዴ ባሕርን አልፎ ገንዳ ውሃ ሲደርስ፣ ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ የወጣ ሰው ሸሚዙ ይከብደዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው ቆላ የሚወርደው በግማሽ ቀን ነውና። በግራና በቀኝ ጥጥና ሰሊጥ፣ በኮረብታው ላይ የዕጣን ዛፍ። ከመተማ ወዲያ አንዲት ትንሽ ድልድይ፤ ከድልድዩ ማዶ ጋላባት። ሱዳን በ2010 ዓ.ም. ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች፣ ተጓዥ በዚያች ድልድይ ላይ አንድ ሰዓት ያተርፋል። ሲመለስ ይከፍለዋል።

ይህን ሁሉ አስልተን ስናበቃ፣ መንገዱን የሚያውቁ ሰው እንጠይቅ ብለን ወደ አጎቴ ቤት ሄድን። አጎቴ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ጎንደር የወጣት ደም በምትጠጣበት ዘመን፣ በዚያው በኩል ተሰደው ብዙ ዓመት ሱዳን የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እስከ መተማ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኋቸው።

«እኔ በሌሊት ነው የማውቀው» አሉ። «አሥራ አንድ ሌሊት።»

ጓደኛዬ አስፋልቱ እንዴት እንደሆነ፣ መኪናው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈልግ ይነግራቸው ጀመር። ሰሙት፤ ፈገግ አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ቀን ቀን ያ አገር ምን እንደሚመስል እስቲ አይተህ ንገረኝ» አሉኝ።

ይህች ቃል ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። አጎቴ አሥራ አንድ ሌሊት የሄዱበትን አገር አንድም ቀን በብርሃን አላዩትም። ነገሩን ሳስበው የእሳቸው ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። እኛ ጎንደሮች የመተማን መንገድ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን በሌሊት ነው።

በዚያ መንገድ እነማን ሄዱበት? አንደኛው ነጋዴ ነው። ቡና፣ ሰም፣ ወርቅ፣ ዝባድ ይዞ፣ ለመናገር በሚያሳፍረን መጠንም ሰው ይዞ ወርዷል። ሁለተኛው ሠራዊት ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ወርዶ ጋላባትን አቃጠለ። በዓመቱ በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ ጦር በአቡ አንጋ እየተመራ፣ ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ፣ ጎንደር ገብቶ ከአርባ አራቱ አድባራት አብዛኞቹን አነደደ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ከተማዋም ስማቸውን ተሸክማ ቀረች። ሁለተኛውን ቃጠሎ ከልጅነታችን ጀምሮ እየተነገረን አድገናል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው የንብ መንጋ ነው የሚለውን ትውፊት የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። የመጀመሪያውን ቃጠሎ ግን ማን ነገረን? ጋላባት ያሉ እናቶች ለልጆቻቸው ምን ብለው ይተርኩት ይሆን? ይህን የሚያውቅ፣ ሄዶ የጠየቀ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስደተኛ ነው። በደርግ ዘመን ከተማረው ወጣት ስንቱ በዚያ ወረደ! ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች የተነሡት ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌምን እያለሙ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን እስኪወሰዱ ድረስ በኡም ራኩባና በሌሎቹ መጠለያዎች ቆዩ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ያው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ተቀበለ። አንድ ስፍራ በሠላሳ ስድስት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ የእኛን ሰዎች ሲያስጠጋ፣ መጠለያው ከየት ወዴት እንደሆነ በካርታ ላይ የሚያሳየን ስንቶቻችን ነን?

ነጋዴ፣ ወታደር፣ ስደተኛ። አራተኛው የጎደለ ነው፦ እንግዳ። ለመሸጥ ሳይሆን፣ ለመውጋት ሳይሆን፣ ነፍሱን ለማዳንም ሳይሆን ጎረቤቱን ሊያይ ሄዶ የሚመለስ ሰው። ስለዚያ መንገድ ለማየት ብለው የጻፉትን ስንፈልግ የምናገኘው ባዕዳንን ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. በስናር በኩል መጥቶ ቀዳማዊ ኢያሱን አከመ፤ ያየውንም ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በስናር በኩል ተመለሰ፤ ዳጎስ ያሉ ጥራዞች ጻፈ። የአገሩ ልጅ በደጁ ያለፈውን መንገድ ከሩቅ የመጣ ሰው ጽፎለት ያነባል።

የእኛው ታሪክ ግን ስለ መመለስ የምትናገር አንዲት ምሳሌ አስቀምጦልናል። ዳግማዊ ኢያሱ በ1736 ዓ.ም. ስናር ላይ ዘምተው ሲሸነፉ፣ ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል በስናሮች እጅ ወደቀ። ሆኖም አልቀረም፤ በቤዛ ተመለሰ። ያው ሥዕል በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ተወሰደ፤ ከዚያ ግን አልተመለሰም። በዋጋም ቢሆን የመለሰው ጎረቤት ነው።

ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን የምንለውን ሰዎች የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። የሩስያ ደራስያንን ገጸ ባሕርያት በአባት ስማቸው ሳይቀር እንጠራለን። የሱዳኑ ጠይብ ሷሊህ ግን በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ከአውሮፓ ትምህርት ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ዓባይ ዳር መንደሩ በተመለሰ ሰው አንደበት የተተረከው ልቦለድ፣ በመጻሕፍት ጨዋታችን ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥቷል? የወርዲን ዘፈን ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን እናንጎራጉራለን፤ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ያገናኘናልና። ከዜማው ወደ ቃሉ ለመሻገር ግን አልደከምንም። ዕድላችንን በዲቪ ሎተሪ ስንሞክር የማናውቀውን የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የአየር ጠባይ እናጠናለን፤ ከድንበሩ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን ገዳሪፍን አናውቃትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው አባታችን ይታዘበናል።

ወደ ደብተሯ ልመለስ። የመነሻ ቀን አልቆረጥንም ነበር። እኛ በሁዳዴ፣ እነሱ በረመዳን ስለነበሩ «ፋሲካውም ዒዱም ሲያልፍ» ብለን ጻፍን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። ቄጤማ በራሳችን አስረን የትንሣኤን ሌሊት ስንጠብቅ፣ ካርቱም ውስጥ ሁለት የጦር ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ። ሁለቱ ሕዝቦች ገና ጾማቸውን ሳይፈቱ ጦርነቱ ቀደማቸው። ልንሄድበት ባሰብነው መንገድ ሰዎች ወደ እኛ ይመጡ ጀመር፤ ሱዳናውያን፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችን፣ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር በዚያች ትንሽ ድልድይ ተሻገሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በእኛው ክልል ጦርነት ተነሣ። መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ታመመ።

በእንግዳ ተቀባይነታችን ስንመጻደቅ የኖርን ሰዎች ያን ጊዜ ተፈተንን። በድንበሩ ከተሞች ያለውን ተካፍሎ የበላ ድሃ እንደነበር አልጠራጠርም። ሆኖም በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃት በዝቶባቸው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በርካቶቹ ጓዛቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወጡ። ይህም የእኛው ታሪክ ነው፤ ልንሰውረው አይገባም። አጎቴ ወሬውን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ፣ «እኔን ገዳሪፍ ያስጠጋችኝ ሴት ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ ነው ውሃ የሰጠችኝ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

«በዚህ ዘመን የሽርሽር ዕቅድ ምን ይሠራል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው፤ ዛሬ ተነሥተህ ሂድ የምለው ሰው የለም። ነገር ግን ዕቅድ ምን እንደሆነ ልብ እንበል። ዘማች የሚያስበው ስለ መድረስ ነው። ስደተኛ የሚያስበው ስለ መውጣት ነው። ደርሶ መልስ የሚያቅድ ሰው ብቻ ነው አስተናጋጁንም ቤቱንም አንድ ላይ የሚያስበው። የሚያድርበትን ቤት፣ የሚያመሰግንበትን ቃል፣ ይዞት የሚሄደውን ስጦታ፣ ይዞት የሚመለሰውን ወሬ ያሰላል። እንዲህ ያሰበለትን ሕዝብ ባለጋራ ነው ሲሉት በቀላሉ አያምንም። ስለዚህ ዕቅዱ ጉዞው ባይደረግም ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። መንገዱ እስኪከፈት እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በሌሊት የተሻገሩት አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ የት ውሃ እንደጠጡ፣ ማን እንዳስጠጋቸው ጠይቀን እንጻፍ። የሱዳንን ደራስያን እንፈልግ፤ የሚችል ይተርጉም። ከድንበሩ ወዲህ የመጣውን ሰው ቀድሞን የመጣ እንግዳ አድርገን እንቀበል።

የደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፦ «መነሻ» እና «መመለሻ»። ከሁለቱም ፊት ቀኑ ባዶ ነው። ከሥራቸው በኋላ የጨመርኩት አንድ ማስታወሻ አለ፤ «ጋሼን ይዞ መሄድ፤ በቀን» ይላል።

ቸር ያገናኘን!