የብሎኬቱን ቀዳዳ ከመሙላታችን በፊት

ከሐኪም ጋራ ሆኖ ሐረርን ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሁለት የአሠራር ዘመናትን ያያል፤ በጀጎል ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸውን የጥንት ቤቶች፣ ከግንቡ ውጭ ደግሞ የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤቶችን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የብሎኬቱን ቀዳዳ በፎም ልሙላው ወይ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በብርዳማዎቹ የአውሮፓ አገሮች በሁለት ረድፍ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የተለመደ ነውና።

የረጋ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። በቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ግን ይዘዋወራል፤ ጨረርም ከገጽ ወደ ገጽ ይሻገራል። ስለዚህ ፎሙ በመጠኑ ይጠቅማል። ሆኖም የብሎኬቱን ሁለት ገጾች የሚያያይዘው ሲሚንቶ ራሱ የሙቀት ድልድይ ስለሆነ ፎሙ ይህን መንገድ አይዘጋውም።

የድንጋዩ ብልኃት ሌላ ነው፤ ሙቀቱን ያዘገየዋል። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግድግዳ ብናሰላ፣ የቀትሩ ግለት ወደ ውስጥ የሚዘልቀው 11 ሰዓታት ያህል ዘግይቶ ነው፤ ያውም የሙቀቱ መዋዠቅ ወደ 20ኛ እጅ ገደማ ዝቅ ብሎ። (ተማሪዎች ስሌቱን ይሞክሩት፤ ለድንጋዩ የሙቀት ስርጭት በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ካሬ ሜትር ይውሰዱ።)

በእኛ እምነት ለፎም የታሰበው ገንዘብ በቅድሚያ ለጣሪያው ሊውል ይገባል። በሐረር የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትውል ከግድግዳው ይበልጥ የሚግለው ቆርቆሮው ነው። ከሥሩ ኮርኒስ ይግባ፤ በመካከላቸው ላለው አየር መውጫ ይተው። ግድግዳው ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል፤ እሱም ልስኑ ዝናብ የማያስገባ ከሆነ ነው፤ እርጥበት የጠጣ መሙያ ሙቀትን ያሳልፋልና።